አሮጌ የእንጨት ፋብሪካ ግቢ ከመከራየት በፊት፦ አፈሩንና ውኃውን በየትኛው መንገድ እናስመርምር?

ባለፈው በጋ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ አንድ ከተማ ያሉ አናጺዎች «ና እስቲ አንድ ግቢ እይልን» ብለው ደወሉልኝ። ሰባት ሆነው በማኅበር የተደራጁ ልጆች ናቸው። ግቢው ሰፊ ነው። መጋዘን አለው፣ ስሪ ፌዝ መብራት ገብቶለታል፣ ኪራዩም ረከስ ያለ ነው። ድሮ የመብራት ምሰሶ በመድኃኒት ይነከርበት ነበር።

አከራዩ አንድ ፋይል ይዞ ወጣ። ውስጡ ከዓመታት በፊት የተሰጠ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይሁንታ አለ። ማኅተሙን በጣቱ እያሳየ «ይኸው፣ የተፈተሸ ቦታ ነው» አለን። ልጆቹ ፊታቸው በራ።

ስለ ግቢው እውነቱን የነገሩን ግን ዘበኛው ናቸው። አንደኛው ልጅ «አባባ፣ ምሰሶው ተነክሮ ሲወጣ የት ነበር የሚቆለለው?» አላቸው። ዱላቸውን ይዘው ወደ መጋዘኑ ጀርባ ወሰዱን። «እዚህ ነበር ሲንጠባጠብ የሚያድረው። ሰርዶ እንኳ አልበቀለበትም» አሉ። ጎንበስ ብዬ አፈሩን በእንጨት ጫር ጫር አደረግሁት። ጠጠሩ ላይ አረንጓዴ ነገር ተጋግሯል። ከዚያ ሃያ እርምጃ ያህል ቁልቁል፣ በቆርቆሮ የተከደነ የእጅ ጉድጓድ አለ። የዘበኛው የቡና ውኃ የሚቀዳው ከዚያ ነው።

ይህን የምጽፈው ለእነዚያ ልጆችና እንደነሱ ግራ ለተጋባ ሁሉ ነው። ጎጃም የእንጨት አገር ነው። ባሕር ዛፉ በየደጁ አለ፣ አዊ ውስጥ ደግሞ ዲከረንሱ። አሮጌ ግቢ የሚከራይ፣ የሚገዛ፣ አጠገቡ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። «አፈሩን አስመርምሩ» ሲባል ግን አንዱ «ዩኒቨርሲቲ ውሰዱት» ይላል። ሌላው «አማካሪ ቅጠሩ» ይላል። ሦስተኛው «መሣሪያ አለ፣ በደቂቃ ያሳያችኋል» ይላል። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እያንዳንዱ የሚመልሰው ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

ፈቃዱ ሌላ፣ አፈሩ ሌላ

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሚያየው ወደ ፊት ነው። ሥራው ቢጀመር ምን ጉዳት ያመጣል፣ ጉዳቱስ እንዴት ይቀነሳል ብሎ ይጠይቃል። ፋብሪካው ከተከፈተ በኋላ መሬት ላይ የፈሰሰውን አይነግረንም። የአከራዩ ወረቀት ሐሰተኛ አልነበረም። ለእኛ ጥያቄ የተጻፈ ግን አልነበረም።

ለእኛ ጥያቄ የሚቀርበው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። የበከለ ሰው ራሱ ያጸዳል፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል። በላዩ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 እና የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አሉ። ተከራይ ልብ ማለት ያለበት ነገር እዚህ ጋ ነው። ገብታችሁ ሁለት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ ተቆጣጣሪ መጥቶ መርዝ ቢያገኝ፣ «ከእኛ በፊት የነበረ ነው» የምትሉት በምን ማስረጃ ነው? ከመግባታችሁ በፊት የተወሰደ ናሙና ነው የሚያድናችሁ።

በምን እንመዝን?

እኔ አራት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ መንገዱ የትኛውን መርዝ ያያል? ሁለተኛ፣ ምን ያህል ጥልቀት ይደርሳል? ላዩን ብቻ ነው ወይስ የከርሰ ምድር ውኃውንም? ሦስተኛ፣ የሚሰጠው ወረቀት በባንክ፣ በተቆጣጣሪ ወይም በፍርድ ቤት ፊት ይቆማል? አራተኛው ጊዜና ገንዘብ ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ ከአራተኛው ይጀምርና እዚያው ያበቃል። እባካችሁ ከአንደኛው ጀምሩ። አርሴኒክ የሚባለውን መርዝ ማየት የማይችል ምርመራ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ብታስደርጉት ገንዘቡ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ «ንጹሕ ነው» ብላችሁ ውኃውን መጠጣታችሁ ነው።

በእንጨት ፋብሪካ ግቢ የሚፈለገው ምንድን ነው?

እንጨት የሚሰነጠቅበትና የቤት ዕቃ የሚሠራበት ብቻ ከነበረ ስጋቱ ያነሰ ነው። የማሽን ዘይት፣ ናፍጣ፣ የቀለምና የቫርኒሽ ማቅጠኛ፣ እንዲሁም ሰጋቱራ ይገኛል። ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ይመረት ከነበረ ፎርማልዲሃይድ ያለው ኮላ ይጨመራል።

ከባዱ እንጨት በመድኃኒት ይነከርበት የነበረው ግቢ ነው። ሦስት መድኃኒቶችን መለየት ያስፈልጋል። አረንጓዴ የሚያደርገው የመዳብ፣ የክሮሚየምና የአርሴኒክ ድብልቅ ነው። ሲሲኤ ይሉታል። ጥቁሩና ሬንጅ ሬንጅ የሚሸተው ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣው ክሪዮሶት ነው። ሦስተኛው ፔንታክሎሮፌኖል ነው። ይህ ሳይበሰብሱ የሚቆዩ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት የእገዳ ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አረንጓዴው ብረት ነክ ስለሆነ ዓመታት ቢያልፉም አይበሰብስም። ጥቁሩ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ብዙ ዘመን ይቆያል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። አረንጓዴ የሆነ ቁራጭ እንጨት አይነደድም። በዚያ ግቢ ዙሪያ ያሉ እናቶች ለእንጀራ ማገዶ እያሉ ቁርጥራጩን ሲለቅሙ አይቻለሁ። ሲቃጠል አርሴኒኩ ከፊሉ በጭሱ ይወጣል፣ የቀረው አመዱ ውስጥ ይከማቻል። ያ አመድ ጎመን ሥር የሚደፋ አመድ ነው። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ለጎረቤት ንገሩ።

የጎጃም አፈርም የራሱ ጠባይ አለው። መሬታችን ባብዛኛው ከባዛልት ድንጋይ የመጣ ነው፣ የጮቄ ተራራም ያው ነው። እንዲህ ያለ አፈር ክሮሚየምና መዳብ በተፈጥሮው ይዞ ይገኛል። ስለዚህ «ክሮሚየም ተገኘ» የሚል ውጤት ብቻውን ምንም አያስረዳም። አርሴኒክ ግን በባዛልት አፈር ውስጥ ጥቂት ነው። ከፍ ብሎ ከተገኘ ሰው ያመጣው ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ለዚህ ነው በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ፣ ፋብሪካው ካልነካው ከላይኛው በኩል ካለ መሬት ማነጻጸሪያ ናሙና መውሰድ ግድ የሚሆነው።

ቀይ አፈር ብረት ስላለው አርሴኒክን ይዞ ያስቀራል፣ ቶሎ ወደ ታች አይለቅም። ዋልካ ግን በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ በዚያ ስንጥቅ ይዞት ይወርዳል። እንደ ቢቸናና ደጀን ባለ የዋልካ አገር ከሆናችሁ ላይ ላዩን አይታችሁ አትመለሱ።

የሰጋቱራ ክምርም አለ። «ሰጋቱራ ምን ያደርጋል፣ እንጨት አይደል?» ይባላል። ክምሩ ሲርስና ሲበሰብስ ሥሩ ያለው አፈር አየር ያጣል። አየር ሲጠፋ አርሴኒኩን ይዞት የነበረው የአፈሩ ብረት ይሟሟል፣ አርሴኒኩም ተለቅቆ ወደ ውኃው ይገባል። ቀይ አፈር ላይ ነን ብላችሁ ብትዘናጉ እንኳ፣ የመንከሪያው ቦታ ላይ ሰጋቱራ ተከምሮ ከነበረ መጀመሪያ እዚያ ሥር ቆፍሩ።

መንገድ አንድ፦ ታሪኩን ጠይቆ ግቢውን መዞር

ወጪው የሰው ጊዜ ነው። ግማሽ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን። ዘበኛ፣ የቀድሞ ሠራተኛ፣ ጎረቤት ይጠየቃል። በምን ይነከር ነበር? በርሜሉ የት ይቀመጥ ነበር? ዝቃጩ የት ይደፋ ነበር? ክረምት ውኃው በየት በኩል ይወርዳል? ከወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የቀድሞ የቁጥጥር ሪፖርት ካለ ይጠየቃል። ከዚያ በወረቀት ላይ ንድፍ ይሳላል፦ መንከሪያው፣ ማንጠባጠቢያው፣ ቦዩ፣ ጉድጓዱ።

ይህ መንገድ ቁጥር አይሰጥም። በተቆጣጣሪ ፊት ብቻውን አይቆምም። ግን እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ቀጥሎ የሚወጣውን ገንዘብ የት ላይ ማውጣት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ይኸው ነው። ዘበኛውን ባንጠይቅ ኖሮ እኛ ናሙና የምንወስደው ከበሩ አጠገብ ነበር።

መንገድ ሁለት፦ እዚያው ሜዳ ላይ የሚመረምር መሣሪያ

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የውኃ አርሴኒክ መመርመሪያ ኪት ነው። ውኃው ላይ ዱቄትና አሲድ ይጨመራል፣ አርሴኒኩ ጋዝ ሆኖ ይወጣና ወረቀቱን ከቢጫ እስከ ቡናማ ያቀልመዋል። ርካሽ ነው፣ ውጤቱም በደቂቃዎች ይደርሳል። ጋዙ መርዝ ስለሆነ ደጅ ላይ ነው የሚሠራው። ወረቀቱ ሜርኩሪ ስላለበት ልጆች በማይደርሱበት ይወገዳል። ብዙ አርሴኒክ ካለ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ግን በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። እዚያ ወሰን አካባቢ ዓይን ቀለሙን መለየት ይቸግረዋል። ወረቀቱ ቀለም ካወጣ ውኃውን አቁሙ፣ ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን ላብራቶሪ ሳያረጋግጥ አትመኑት።

ሁለተኛው በኤክስሬይ የሚያነብ፣ እንደ መሰርሰሪያ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ኤክስአርኤፍ ይባላል። አፈር ላይ ሲደገን በአንድ ሁለት ደቂቃ መዳቡን፣ ክሮሚየሙንና አርሴኒኩን በቁጥር ያወጣል። በአንድ ቀን ብዙ ነጥብ መዞር ይቻላል። ለሲሲኤ ግቢ በጣም ጥሩ ነው። መሣሪያው ውድ ስለሆነ የሚያዋጣው መግዛቱ ሳይሆን ካለው ተቋም ከነባለሙያው ማስመጣቱ ነው።

ጉድለቱን ግን እወቁ። ክሪዮሶትንና ፔንታክሎሮፌኖልን ጨርሶ አያይም። የሚያየው ላይኛውን ስስ ሽፋን ብቻ ነው። እርጥብ አፈር ላይ አሳንሶ ያነባል፣ ስለዚህ አፈሩ ይደርቅና ይነፋ። የባትሪ ወይም የቀለም እርሳስ ባለበት አፈር ደግሞ አርሴኒኩን ያምታታዋል።

መንገድ ሦስት፦ የተመረጡ ናሙናዎችን ወደ ላብራቶሪ መላክ

ለብዙ ሰው የሚበቃው ይህ ነው። በመንገድ አንድ በተሳለው ንድፍ ላይ ከማንጠባጠቢያው፣ ከቦዩ ጫፍ፣ ከሰጋቱራው ሥር፣ ከበርሜል ማስቀመጫው አፈር ይወሰዳል። ከየቦታው ላዩንና ግማሽ ሜትር ወርዶ ያለውን ለየብቻ። ማነጻጸሪያው ይጨመራል። የጉድጓዱ ውኃ ይጨመራል።

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ አዲስ አበባ ደግሞ የግልም የመንግሥትም ላብራቶሪ አለ። የትም ብትሄዱ ናሙናውን ከመውሰዳችሁ በፊት ደውላችሁ ይህን ጠይቁ። አርሴኒክ ታነባላችሁ? የምታነቡት ትንሹ መጠን ስንት ነው? ላብራቶሪው ከ0.01 በታች ማንበብ ካልቻለ «አልተገኘም» የሚለው ውጤት ለመጠጥ ውኃ አይሠራም። ክሮሚየምን በጠቅላላው ነው የምትነግሩን ወይስ ስድስቱን ለይታችሁ? ክሮሚየም ስድስት የሚባለው መርዛማውና በውኃ በቀላሉ የሚሄደው ነው። ጠቅላላ ቁጥር እሱን አይለይም። ለማነጻጸር እንዲረዳችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ለክሮሚየም 0.05፣ ለመዳብ 2 ሚሊግራም በሊትር ነው።

ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ከአምስት ቦታ የተወሰደ አፈርን ደባልቆ አንድ ናሙና ማድረግ የተለመደ ነው። አታድርጉት። አራቱ ቦታ በኪሎ 5 ሚሊግራም አርሴኒክ ቢኖራቸውና አንዱ 200 ቢኖረው፣ ድብልቁ 44 ይላል። የሚያስደነግጠው ቦታ ተሸፈነ፣ ደህናዎቹም ቦታዎች ያለ ጥፋታቸው ተጠረጠሩ። ገንዘብ ካጠረ የነጥቡን ብዛት ቀንሱ እንጂ አትደባልቁ።

አያያዙም ውጤቱን ያበላሻል። ለብረት ነክ ምርመራ ውኃው ላብራቶሪው በሚሰጠው፣ አሲድ በተጨመረበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዛል፣ እንዲህ ከሆነ ወራት ይቆያል። ክሪዮሶት ወይም ፔንታክሎሮፌኖል ከተጠረጠረ ግን ጠቆር ያለ ብርጭቆ ጠርሙስ፣ በረዶ ያለበት ሣጥን፣ በሳምንት ውስጥ ማድረስ። ክሮሚየም ስድስት ከዚህም በላይ ይቸኩላል፣ አሲድ ባለበት ጠርሙስም አይያዝም። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ለዚህ ዓይነቱ ናሙና መኪናው መውጣቱን ሳታረጋግጡ አትቅዱ። በሃይላንድ ፕላስቲክ የተላከ የክሪዮሶት ናሙና ባትልኩት ይሻላል።

መንገድ አራት፦ በባለሙያ ድርጅት የሚሠራ ሙሉ ጥናት

ፈቃድ ያለው አማካሪ ይቀጠራል። ቁፋሮ አለ፣ የከርሰ ምድር ውኃ መከታተያ ጉድጓድ አለ፣ ሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይሰላል፣ የማጽጃ ዕቅድና ወጪ ይቀርባል። ወራት ይፈጃል። በአነስተኛ ማኅበር አቅም የሚሞከር አይደለም።

ለማን ነው? ግቢውን ለሚገዛ፣ ባንክ ብድር ለሚጠይቅ፣ የማጽዳት ትዕዛዝ ለደረሰው ፋብሪካ፣ በክስ ላለ ሰው። አማካሪው የሚያቀርበውን ሐሳብ ስታዩ አንድ ነገር ቁጠሩ፦ የውኃ መከታተያ ጉድጓዱ ስንት ነው? ውኃው ወደየት እንደሚሄድ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል። አንድ ጉድጓድ ብቻ ቆፍሮ «ብክለቱ አይጓዝም» የሚል ሪፖርት ቢመጣላችሁ አትቀበሉት።

ሁሉም ባንድ ላይ

| | ታሪክና ዙረት | የሜዳ መሣሪያ | ናሙና ወደ ላብራቶሪ | ሙሉ ጥናት |
|---|---|---|---|---|
| አርሴኒክ፣ ክሮሚየም፣ መዳብ | ይጠቁማል | ያያል | በትክክል ይለካል | በትክክል ይለካል |
| ክሪዮሶት፣ ፔንታክሎሮፌኖል | በጠረኑና በታሪኩ ይጠቁማል | አያይም | ከተጠየቀ ይለካል | ይለካል |
| ጥልቀት | የለውም | ላዩን | እስከተቆፈረው | እስከ ከርሰ ምድር ውኃ |
| በሕግ ፊት | ደካማ | ደካማ | ጥሩ፣ አወሳሰዱ ከተመዘገበ | ጠንካራ |
| ጊዜ | ግማሽ–2 ቀን | አንድ ቀን | ሳምንታት | ወራት |
| ወጪ | በጣም ዝቅተኛ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

እንጨት መሰንጠቂያ ወይም የቤት ዕቃ መሥሪያ ብቻ የነበረ ግቢ የምትከራዩ ከሆነ መንገድ አንድን በደንብ ሥሩ፣ የጉድጓዱን ውኃ ብቻ ላብራቶሪ ላኩ። ይበቃል።

መንከሪያ የነበረበትን ግቢ የምትከራዩ ከሆነ አንድንና ሦስትን አጣምሩ። ኤክስአርኤፍ ያለው ተቋም ከተባበራችሁ በመካከል አስገቡት፣ የላብራቶሪውን ናሙና የት መውሰድ እንዳለባችሁ ያሳያል። አቅማችሁ ሦስት ናሙና ብቻ ቢሆን፣ አንዱ ከማንጠባጠቢያው፣ አንዱ ከማነጻጸሪያው፣ አንዱ የጉድጓዱ ውኃ ይሁን። ናሙናው ሲወሰድ አከራዩ ይገኝ፣ ቀኑና ቦታው ይጻፍ፣ ፎቶ ይነሣ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ውጤቱ ከኪራይ ውሉ ጋር ይያያዝ። ልጆቹ ያደረጉት ይህንን ነው። ውጤቱን ይዘው የግቢውን የላይኛውን ግማሽ ብቻ ተከራዩ። የጉድጓዱ አፍ ተዘጋ፣ ዘበኛው አሁን የቧንቧ ውኃ ነው የሚቀዱት።

ፋብሪካው የራሳችሁ ሆኖ አሁንም የምትነክሩ ከሆነ ተቆጣጣሪ እስኪመጣ አትጠብቁ። ማንጠባጠቢያውን በሲሚንቶ አስነጥፉ፣ ጣራ አልብሱት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ውኃውን አስለኩና መዝግቡ። አንዱን ሰኔ ላይ ዝናቡ እንደጀመረ፣ አንዱን መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ። ቤት ውስጥ ለሚገባ እንጨት ቦሬት የሚባለው መድኃኒት ይሻላል፣ አርሴኒክ የለበትም። ደጅ ዝናብ ለሚመታው እንጨት ግን ውኃ ስለሚያጥበው አይሆንም።

የምትገዙ ወይም የምትበደሩ ከሆነ ቁጠባው ይቅርና ወደ አራት ሂዱ። ያም ሆኖ መንገድ አንድን ራሳችሁ ሠርታችሁ ንድፉን ለአማካሪው ስጡት።

ጎረቤት ከሆናችሁ ደግሞ የፋብሪካውን አፈር መመርመር የእናንተ ዕዳ አይደለም። የራሳችሁን ጉድጓድ ውኃ አስመርምሩ። ውጤቱን ይዛችሁ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፣ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ አስማትሙና ያዙ። አዋጅ 300/1995 ለማመልከት «የግል ጥቅሜ ተነካ» ብሎ ማስረዳትን አይጠይቅም። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጣችሁ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ውሳኔ ከተሰጠ 60ው ቀን የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ዕለት ነው፣ ካልተሰጠ ደግሞ 30ው ቀን ካለቀበት።